ነጩ ግድግዳ

በደብረ ማርቆስ ያለው የወላጆቼ ቤት መታጠቢያ ክፍል አልነበረውም። እናቴ ገላዋን የምትታጠበው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ ነበር። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን በጨለማ መዳበሱ ስለ አስቸገራት፣ ከቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ላሠራላት ቆረጥሁ።

ስሕተቴን አልሸሽግም። ወጪ ለመቆጠብ ስል ክፍሏን በእንጨት አሠርቼ በጭቃ አስመረግሁ፤ በላዩም አበባ የተሣለባቸው ትልልቅ ሴራሚኮች አስለጠፍሁ። አበባው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእንግዳ ዓይን እንጂ ለእርሷ አልነበረም። ሽማግሌው ግንበኛ፣ «መምህር፣ ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሴራሚክ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም» ቢሉኝ አልሰማሁም። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውን ይገምተዋል። በነሐሴ አንድ ሌሊት ሁለቱ ተላቀው ወደቁ፤ በማለዳ ስትገባ ስባሪው እግሯን አቆሰላት። አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳው በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ ተለሰነ። በዚህ ጊዜ የመረጥሁት ስፋቱ 7.5፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ነጭ ሴራሚክ ነው። ይህን ቅርጽ ዝነኛ ያደረገው የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ በጥቅምት 1897 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1904) ሲከፈት፣ ሄይንስና ላፋርጅ የተባሉት አርክቴክቶች የጣቢያዎቹን ግድግዳ በነጭ ሴራሚክ አልብሰውት ነበር። ነጭነቱ ጥቂቱን ብርሃን ያበዛል፤ እድፍንም አይሸሽግም።

ግንበኛው ሴራሚኮቹን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በቱንቢና በውሃ ልክ እየለኩ፣ የላይኛውን ወገብ በታችኞቹ መጋጠሚያ ላይ እያሳረፉ፣ ልክ እንደ ጡብ ደረደሯቸው።

እናቴ መጀመሪያ ብትገባ፣ «በዚህ ሁሉ ብርሃን እንዴት ልብሴን አወልቃለሁ?» ብላ ተመለሰች። ዳግመኛ ተሳሳትሁ ብዬ አዘንሁ። ከሳምንት በኋላ ግን የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ለብሳ ስትጨርስ በሩን ብከፍትላት፣ ጣቷን በሴራሚኮቹ መካከል ባለችው ስርጉድ መሥመር ላይ አሳርፋ ወደ እኔ ትመጣለች። ቋሚው መሥመር በየረድፉ ይቋረጣል፤ አግድሙ ግን ከቧንቧው እስከ መቃኑ ይዘልቃል። ይህን እኔም ሆንሁ ግንበኛው አላሰብነውም ነበር።

«ተወኝ፣ አትያዘኝ» አለችኝ፤ «እሱ ያወጣኛል።»