ዋልያስን ማን በተነው?

ባንድ ሲፈርስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ከማን ተጣላ?» ብሎ ነው። የቢትልሶች ጠብ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የዋልያስ ባንድ መጨረሻ ግን ከዚህ ይለያል።

ዋልያሶች በአዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ ዘመኑ የደርግ፣ ሌሊቱም የሰዓት እላፊ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መውጣት ስለማይቻል ታዳሚው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍራል። «ቼ በለው» የተሰኘው አልበማቸው በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣው በዚያ ጭንቅ መሃል ነው።

በ1981 ባንዱ ሥራውን ሊያቀርብ አሜሪካ ተሻገረ። ጉዞው ሲያበቃ ገሚሶቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ዋልያስም በዚሁ አበቃ።

ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። በ1985 የቀረጹት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ መለሳቸው። መሃል ላይ ግን ስንት ዓመት ባከነ?

የቀሩትን «ከዱ»፣ የተመለሱትን «ተሞኙ» ማለት ቀላል ነው። ዛሬም ለሥራ ወጥቶ የሚቀር ባለሙያ ሲሰማ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሰውየው ነው። መቅረትና መመለስን እንዲህ ከባድ ምርጫ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።