የመቅደላ ልጆችና የደጎሎ ተማሪ

«የመሪነት ተሰጥኦ ላላቸው ችግረኛ ተማሪዎች» የሚል የባሕር ማዶ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፣ ነገሩ ትናንት የተፈጠረ እየመሰላቸው የሚደነቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ዳሩ ግን በደቡብ ወሎ ከጃማ እስከ ቦረና የተዘረጋው፣ በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ይህ ደጋ፣ ልጆቹን ለሩቅ አገር መስጠት ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። አፄ ናዖድ ጀምረዋት አፄ ልብነ ድንግል ከፈጸሟት፣ ኋላም በግራኝ ዘመን በእሳት ከጠፋችው ከመካነ ሥላሴ አገር የተወለዱት አባ ጎርጎርዮስ፣ በሮማ ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋውቀው፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1652 በጀርመን የጎታ መስፍን ጥሪ ወደዚያ ተሻግረው ልሳናቸውን ባያስተምሩት ኖሮ፣ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከየት በተገኘ ነበር? (ተማሪው ፈረንጁ፣ መምህሩም የእኛ ሰው እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።) አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ በ1658 በባሕር ላይ በደረሰ የመርከብ አደጋ ዐረፉ። በእስልምናውም ወገን ቢሆን፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ካይሮ የደረሰ ደረሳ በአል-አዝሀር ውስጥ ለጀበርቲ፣ ማለትም ለሐበሻ ሙስሊም፣ ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ፣ ሪዋቅ የሚሉት፣ ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ ነፍሳቸውን በእጃቸው ካሳለፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ አምባ ይዞ ከወረደው መካከል ሁለት ሕፃናት ይገኙ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ እያዘኑለት፣ ስመ ጥር በሆኑ ትምህርት ቤቶች ገብቶ፣ ገና በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ትምህርት ቤት አልጐደለበትም፤ የጐደለበት የሚመለስበት ወገን ነበር። ሌላው ሕፃን፣ ወርቅነህ እሸቴ፣ በአንድ እንግሊዛዊ መኰንን ወደ ሕንድ ተወስዶ፣ ስሙም ተለውጦ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ፣ በላሆር ሕክምና ተምሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ የዓድዋ ድል ወሬ በሰማ ጊዜ ግን ልቡ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ራሱ መጣ፤ አያቱም በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው ዐወቁት።

የሐኪም ወርቅነህ ታላቅነት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ መመለሳቸው ብቻ አይደለም፤ ተመልሰው ለሌላው ልጅ በር መሆናቸው ነው እንጂ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ሆነው ሠሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲቆም ደከሙ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ፣ አገራቸውን ሊጠቅሙ በመጡበት፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሽስት እጅ ተገደሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ለሌላ ሰው በር ከመሆን የሚያግደው ነገር ምን ይሆን?

እስቲ አሁን ወደ ዛሬው ተማሪ፣ በጃማ ወዳለችው ወደ ደጎሎ ከተማ እንመለስ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየ፣ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ እሑድ ማታ እንጀራውን፣ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክሞ የሚመለስ፣ በክረምት የዋልካው ጭቃ ጫማውን ከእግሩ እየነጠቀ የሚያስቀርበት አንድ ተማሪ አስቡልኝ። ይህ ልጅ አባቱ በታመመ ጊዜ በቅሬው (በሠፈሩ ዕድር) ጉባኤ በአባቱ ቦታ ተቀምጦ የመዋጮውን ደብተር ይጽፋል፤ የአገር አስታራቂው ሽማግሌ፣ አበጋሩ፣ ባለ ደሞችን ሲያስታርቁ ከአጠገባቸው ሆኖ ቃል ሲገባ ይሰማል፤ አብረውት የተከራዩትን ጓደኞቹን ተራ፣ ማን ውሃ ይቅዳ፣ ማን ወጥ ይሥራ፣ የሚደለድለው እርሱ ነው። ማመልከቻው ላይ ደርሶ «የመሪነት ልምድህን ግለጽ» ሲባል ግን ባዶውን ይተወዋል፤ ክበብ አላቋቋመም፣ በአዳራሽ ቆሞ በእንግሊዝኛ አልተከራከረም፣ የምስክር ወረቀትም የለውማ። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የሚማረው እኩያው ይህን ሁሉ በማኅደር አዘጋጅቶ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ፓስፖርቱ አለ፣ ትራንስክሪፕቱ አለ፣ ኔትወርኩ አለ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኙ ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ለሚያውቅ፣ ድኻውን ልጅ በነጥብ ብቻ እየመዘኑ ፈለግነው አጣነው ማለት ፍትሕ አይመስለውም። ስለዚህ መራጮች ስለ ክበብ ብቻ ከሚጠይቁ ይልቅ «በቤትህ ማን ታሞ ማን ሥራውን ያዘ? በሠፈርህ ሰው ሲጣላ ማንን ጠሩ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የሚፈልጉትን መሪ ፈጥነው ያገኙት ነበር።

በጎ አብነት የለም ማለት ደግሞ አይደለም። ከሸንኮራ ተነሥተው በካይሮ፣ ኋላም በጀርመን ቱቢንገን ተምረው የግዕዝ ሊቅ የሆኑት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ ርብቃ ኃይሌ፣ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው፣ የመክፈል አቅም የሌላቸው ተማሪዎችም በነፃ የትምህርት ዕድል የሚገቡበትን የኃይሌ ማናስ አካዳሚ በደብረ ብርሃን አቋቁመዋል። አባት የተሻገሩበትን በር ልጃቸው ለሌላው ከፈቱት ማለት ነው።

እናንተም ከጃማ፣ ከከላላ፣ ከቦረና ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እያንዳንዳችሁ የአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስም ጠይቁ፤ እንግሊዝኛውን በስልክ አለማምዱት፤ በቅሬው የሠራውን ሥራ በወረቀት እንዲያሰፍረው እርዱት፤ የመቅደላን ስም የተሸከመው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በመካነ ሰላም ግቢው የኮምፒውተር ክፍሉን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲከፍት አብረን እንለምን። ማመልከቻው የሚሞላው በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ቢሆንም ዝግጅቱ ከዘጠነኛ ይጀምራልና፣ ለከርሞ አትቅጠሩት።