ቅርጫቱን አሳምሬ እህቴን አስለቀስኩ

አንዳንዱ ጥፋት ከክፋት አይመጣም፤ «ላሳምር» ከማለት ነው። የኔም እንዲያ ነበር። ብትስቁብኝም ልናገረው፤ ቢያንስ እናንተ አትደግሙትም።

ታላቅ እህቴ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማታ ማታ እየሄድኩ አግዛታለሁ። «ኮምፒዩተር አዋቂ» የሚል ስም ወጥቶልኛላ! አንድ ቀን ዴስክቶፑ አስጠላኝና ከኢንተርኔት ያወረድኳቸውን ወርቃማ የፎልደር ሥዕሎች በነባሮቹ አይከኖች ቦታ ደረደርኳቸው። ኮምፒዩተሩም፣ ኔትወርኩም፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሪሳይክል ቢንም አንድ ዓይነት ሆኑ። አምሮ ነበር።

እትዬ አማርኛ ስትተይብ ጣቶቿ አይታዩም። እንግሊዝኛው ላይ ግን እምብዛም ናት። ከአይከኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕሉን ነው የምታነበው፤ ቅርጫት ከሆነ መጣያ፣ ፎልደር ከሆነ ማስቀመጫ። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበውን 11 ገጽ አቤቱታ ተይባ ጨረሰችና ፋይሉን በማውስ ጎትታ «ፎልደሩ» ውስጥ ከተተችው። ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይጠይቅ ዋጠው። ማታ እኔ መጣሁና እንደ ልማዴ ቅርጫቱን ባዶ አደረግሁት።

ብዙም ሳይቆይ ደንበኛው መጣ። ፋይሉ የለም። ቀጠሮው ደግሞ በነጋታው ጠዋት ነው። ሰውዬው አፉ እንዳመጣለት ተናገራት። እሷም «እንጃ፣ እጄ ነክቶት ይሆናል» እያለች ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል። ግን ዝም አልኩ! ሰውዬው የእጅ ጽሑፉን ወርውሮላት ሲሄድ፣ እንባዋን ጠርጋ ከአንድ ጀመረች።

እኩለ ሌሊት ላይ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ የከፋኝ እኮ ስድቡ አይደለም፤ የገዛ እጄን መጠራጠሬ ነው» አለችኝ። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። እኔ እያነበብኩ እሷ እየተየበች ሊነጋጋ ሲል ጨረስን።

ከዚያ ወደ ጥፋቴ ተመለስኩ። ነባሮቹ ሥዕሎች ለካ አልጠፉም። ዊንዶውስ ሲስተም 32 በሚባለው ፎልደሩ ውስጥ፣ በተለይ ኢሜጅሬስ ዲኤልኤል በተባለ ፋይል፣ አኑሯቸዋል። እኔ የቀየርኩት «ሥዕሉን ከዚህ አምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው።

እንደኔ ለተሳሳተ፣ በዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 መንገዱ ይኸው፤ የዴስክቶፑን ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፐርሰናላይዝ በሉ። ቲምስ ውስጥ ግቡና ዴስክቶፕ አይከን ሴቲንግስን ክፈቱ። የቀየራችሁትን አይከን መርጣችሁ ሪስቶር ዲፎልት፣ ከዚያ አፕላይ። ልብ በሉ፤ ቅርጫቱ ሁለት ሥዕል አለው፣ የባዶውና የሞላው። ሁለቱንም በየተራ መልሱ። አንዱን ብቻ ከመለሳችሁ ቆሻሻ ሲገባበት መልኩን ይቀይርባችኋል። እዚያው ግርጌ ቲም አይከን እንዲቀይር የምትፈቅደውን ምልክት አንሱ፤ አለዚያ አዲስ ቲም ስትጭኑ ያው ጣጣ ይመለሳል። አይከኑ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ እዚያው ስሙ አጠገብ ምልክት ማድረግ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ ግን ራይት ክሊክ፣ ቪው፣ ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ።

ፋይል በስህተት ቅርጫት ከገባም አትደንግጡ። ቅርጫቱን ክፈቱ፣ ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ሪስቶር፤ ከነበረበት ቦታ ይመለሳል። እንደኔ ተጣድፎ ባዶ ያደረገ ሰው ከሌለ ማለት ነው።

የራሳችሁን ኮምፒዩተር እንዳሻችሁ አስጊጡ። ሌላ ሰው እንጀራ የሚበላበትን ግን ሳትጠይቁ አትንኩ። ከነካችሁም ስድቡ ሌላ ሰው ላይ ሳይወርድ «እኔ ነኝ» በሉ። አይከኑን ለመመለስ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እትዬ ግን አሁንም ፋይል ባስቀመጠች ቁጥር ተመልሳ ከፍታ ታየዋለች።