ከአራት ኪሎ እስከ ሃክኒ፦ የኮሌጅ ቀንና ያልተነበበው ግጥም

ሎንዶን የኖረ ሐበሻ ሃክኒን በአንድ ነገር ሳያውቃት አይቀርም። ወይ ስደት በገባ ሰሞን ጠባብ ክፍል ተከራይቶባታል፤ ወይ ወዳጁን ሊጠይቅ መጥቶባታል፤ ያም ባይሆን ሪድሊ ሮድ ገበያ ወርዶ ቃሪያና የበግ ሥጋ ሸምቶባታል። እኔ ከሦስቱም አለሁበት። ጋዜጠኝነቱን ትቼ (ትቼ ስል ነገሩን ለማሳመር ነው፤ እርግጡ እሱ ነው የተወኝ) እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ የ38 ቁጥር አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሃክኒ ስንት ጊዜ እንደወረድሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ኪራይና ስለ ቃሪያ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ እዚህ ያለን ጥቂት ሰዎች አንድ ሳምንት ሙሉ ኳስ፣ ንግግርና ግጥም ያለበት ዝግጅት አድርገን ነበር። አሳቡን ያመጡት እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ሰው ናቸው። በ1959 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበሩ። «ሳምንቱ ስሙ የኮሌጅ ቀን ይሁን» አሉ። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ኮሌጁ የታለ?» ቢላቸው ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ላሳይህ» ብለው እኔን ቀጠሩኝ።

ሃክኒን የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ብሎ የሚያነሣት የለም። ጋሼ ግን ከሞርኒንግ ሌን ገባ ብሎ ራም ፕሌስ የሚባል አጭር መንገድ ላይ ወስደው ግድግዳ ላይ ያለች ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ስር አቆሙኝ። የጆሴፍ ፕሪስትሊ መታሰቢያ ናት። ኦክስጅንን ከለዩት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ፕሪስትሊ፣ የፈረንሳይን አብዮት ደግፈሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1791 በርሚንግሃም ላይ ሕዝብ ተነሥቶ ቤቱንና ቤተ ጸሎቱን ሲያቃጥልበት ሸሽቶ የተጠጋው ሃክኒ ነበር። እዚህም በ1786 የተከፈተ ኮሌጅ ነበረ። የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ባለመቀበላቸው የኦክስፎርድና የካምብሪጅ በር የተዘጋባቸው ሰዎች ለልጆቻቸው ያቋቋሙት ነው። ፕሪስትሊ ታሪክና ኬሚስትሪ አስተማረበት፤ ኋላ ስመ ጥር ጸሐፊ የሆነው ዊልያም ሃዝሊትም ተምሮበታል። ግን ገንዘብ አጠረው፤ የአመፀኞች መፈልፈያ ነው የሚል ስምም ወጣበት። በ1796 ተዘጋ። ፕሪስትሊ ከዚያ በፊት በ1794 መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ገብቷል። ተሰዶ መጥቶ ተሰዶ ሄደ ማለት ነው።

«አየህ?» አሉኝ ጋሼ። «ኮሌጅን የሚፈራ መንግሥት እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስልህ ነበር።»

ከዚያ ሜር ስትሪት ላይ አንድ ሻይ ቤት ገብተን ስለ እውነተኛው የኮሌጅ ቀን አጫወቱኝ። እኔ በመጽሐፍ የማውቀውን እሳቸው በዓይናቸው ያዩት ነው፤ ሁለቱን አቀላቅዬ ላቅርብላችሁ።

በካናዳ ጀስዊት መምህራን መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበረው። ስፖርት ይታይበታል፤ ግጥም ይነበብበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙበታል። ነገሩ ሲጀመር የደስታ በዓል ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ግን መልኩ ተለወጠ። ተማሪዎቹ ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ሙከራው ከሸፈ፤ በዚያው ዓመት የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የተባለው ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት አነበበ። ርእሱ ብቻ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ ስለ ደሃው ይነገር ነበር እንጂ ደሃው ራሱ ተነሥቶ ሲናገር በዚያ መድረክ የሰማው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የቀረቡት ግጥሞች ይበልጥ መረሩ፤ ቤተ መንግሥቱ ተቆጣ፤ ተማሪዎች ታገዱ፤ የአዳሪነቱም ሥርዓት ቀረ። አንድ አገር ለግጥም ብሎ የተማሪን አልጋ ሲነቅል አስቡት!

ኮሌጁ ከሌሎቹ ጋር ተጠቃሎ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለትምህርት ሲሰጥ፣ ግጥሙ አብሮ ስድስት ኪሎ ወጣ። ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ እያከራከረን ነው። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ገሞራው በሚለው የብዕር ስሙ የምናውቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ን ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ራሱ ተገለበጠ። ገሞራውም ረጅም ስደት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ አረፈ።

«እርስዎስ ጋሼ? አልጻፉም ነበር?» አልኋቸው።

ሻያቸውን አማስለው አማስለው፣ «ጽፌ ነበር» አሉ። «አላስገባሁትም። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። እንጀራቸው ላይ እመጣለሁ ብዬ ፈራሁ።» ግጥሙ አሁንም አለ ወይ ብላቸው መልስ አልሰጡኝም።

የእኛ ሳምንት ሰኞ ተጀመረ። የተከራየነው አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ የሚታጠፍ፣ ማይክራፎኑ የሚያፏጭ። ረቡዕ ስለ ጋዜጠኝነት እንድናገር የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። ሰው ቆጠርሁ፤ ዐሥራ አራት። ከመካከላቸው ሁለቱ ቡና የሚያፈሉት እኅቶቻችን ናቸው። ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ታሰሩት፣ ስለ ተሰደዱት ተናገርሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ያን ዕለት ማታ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አገር ቤት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሌሊቱን ስንገላበጥ እናድር ነበር፤ እዚህ የፈለግነውን ብንል የሚከለክለን የለም፤ የሚሰማንም የለም። ንጉሥ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ግጥምና ማንም የማያዳምጠው ነፃነት፣ የቱ ይሻላል? እውነቴን ነው፣ መልሱን ያን ዕለት አላገኘሁትም።

ይህን ለጋሼ ባነሣባቸው ወደ ኪንግስላንድ ሃይ ስትሪት ወስደው አንድ ሕንፃ አሳዩኝ። ሴንተርፕራይዝ የሚባለው መጻሕፍት ቤት እዚያ መንገድ ላይ ነበር፤ በ1971 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ፣ በ2012 የተዘጋ። የሃክኒን ሠራተኞች፣ የሰፈሩን ልጆች ግጥምና የሕይወት ታሪክ ያትም ነበር። ቪቪያን አሸርውድ የተባለውን የሰፈሩን ተማሪ ግጥሞች ያወጣው እሱ ነው። «እዚህም ደሃው ተናግሯል» አሉኝ። «ሰሚ እስኪሰበሰብ አልጠበቀም። ጽፎ፣ አትሞ፣ በር ላይ ዘረጋው።»

ቅዳሜ ኳሱ ሃክኒ ማርሽስ ተደረገ። ሜዳውን ያላያችሁ እዩት፤ በአንድ ወቅት ከመቶ በላይ የኳስ ሜዳ ጎን ለጎን ተሰምሮበት ነበር። ከሥሩ ያለው በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ቦምብ ያፈረሰው የሎንዶን ቤት ፍርስራሽ ነው፤ አምጥተው ደልድለው ሜዳ አደረጉት። የእኛ ልጆች ከወንዝ ማዶ በመጡት አራት ለአንድ ተሸነፉ። ለሽንፈቱ ዳኛው ተወቀሰ፤ ይህም ባህላችን ነው።

ማታ የግጥሙ ተራ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከኳሱ የመጡት ወጣቶች ከነማልያቸው ኋላ ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ጋሼ ተነሡ። ከኮታቸው ኪስ አራት የታጠፈ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ወረቀት አወጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ስለ አንድ ጭሰኛ ነው፤ እህሉን ለባለ መሬቱ አስረክቦ ባዶ ስልቻውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት መንገድ ላይ ሲለማመድ። ረጅም አይደለም። ድምፃቸው ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ዝም ተባለ፤ ከዚያ ጭብጨባው መጣ።

እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ስብርብር የሚል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «አያቴ፣ ይህን ሲያነቡ ንጉሡ ምን አደረጉዎት?» አለች።

«ምንም አላደረጉኝም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «አላነበብሁትማ። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ እኛ ቀድመን ሰማነው ማለት ነው» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ውድ አንባብያን፣ እኔም የተሸከምሁት አለኝ፤ ረቡዕ ዕለት ከመድረኩ አላነሣሁትም። ጋዜጣችን ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ ማተሚያ ቤት ልንልክ ስንል አንድ ጽሑፌን ከገጹ ላይ አውጥቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ዝም ካልሁ ጋዜጣው ይተርፋል ብዬ ነበር። ጋዜጣው አልተረፈም፤ ጽሑፉም አልታተመም። ከሁለቱም ሆንሁ። ጋሼ ለአባታቸው እንጀራ ብለው ዝም አሉ፤ ያ ይገባኛል። የእኔ ምክንያት ግን ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አጥርቼ መናገር ያቅተኛል።

በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1976 ዓ.ም. የጀመሩትን የስፖርት ፌዴሬሽን ይዘው በየዓመቱ በሐምሌ ከየከተማው ይሰባሰባሉ። ኳሱ አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ ክትፎው አለ። እኛ በአቅማችን ግጥሙን ጨመርንበት። በመጪው ዓመትም እናደርገዋለን ተባብለናል። ልለምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በየኪሳችሁ፣ በየሻንጣችሁ ሥር ያላነበባችሁት ወረቀት ካለ ይዛችሁ ኑ። ንጉሥ የለም፤ ሳንሱር የለም፤ ዳኛው ቢበዛ የምታስቅ አንዲት ልጅ ናት።

እኔም ያችን ያወጣኋትን ጽሑፍ ከሻንጣዬ ፈልጌ አግኝቻታለሁ። ይዤያት እመጣለሁ።