የደብረ ብርሃን ውሃ በስንት ይፈላል? የአንዲት እጩ መምህርት የተግባር ሳይንስ ትምህርት

ነገሩ የሆነው በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የኅዳር ውርጭ በበረታበት ሰሞን ነው። በተግባር ልምምድ ላይ የነበረች አንዲት እጩ መምህርት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ሙቀት ታስተምር ነበር። የትምህርት ዕቅዷ ግልጽ ነው፤ ተማሪዎች ውሃ አፍልተው ሙቀቱን ይለካሉ፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላም «በራሳቸው ደርሰውበት» ይጽፋሉ። የከሰል ምድጃውንና ድስቱን ከተከራየችበት ቤት ይዛ መጣች፤ ቴርሞሜትሩን ከኮሌጇ ቤተ ሙከራ ተዋሰች። ቴርሞሜትሩ አንድ፣ ተማሪዎቹ ሃምሳ ስምንት ነበሩ።

ውሃው ፈላ። ቀይዋ መስመር 91 ላይ ቆመች። እጩዋ እሳቱ ያነሰ መስሏት ከሰል ጨመረች፤ አንድ ተማሪም በደብተሩ እያራገበ አቀጣጠለው። ውሃው ተንተክትኮ ከድስቱ እስኪገነፍል ድረስ መስመሯ ንቅንቅ አላለችም። ከክፍሉ በስተ ኋላ አማካሪ መምህሯ የግምገማ ቅጻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ደወል ሊደወል የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። «ቴርሞሜትሩ ትንሽ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» አለች። ተማሪዎቹ 91ን ሰርዘው 100 ጻፉ። በቅጹም ላይ ትምህርቱ የታለመለትን ግብ እንደመታ ተመዘገበላት።

ማታ ደብተር ስታርም አንዲት ተማሪ ሳትሰርዝ መቅረቷን አየች። ልጅቱ በሁለት መስመር ለያይታ ጽፋለች፦ «መጽሐፉ ያለው 100። እኛ ያየነው 91።» እጩዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

ቴርሞሜትሩ ችግር አልነበረበትም። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በላይዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሰባት ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው 91 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እሳት ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ እንኳ በ1742 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ስለነበር፣ ልኩ በየትኛው ግፊት እንደሚሠራ ለይቶ አስቀምጧል። (በነገራችን ላይ እርሱ 0 ያለው የሚፈላውን ውሃ፣ 100 ያለው ደግሞ በረዶ የሚቀልጥበትን ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው።) በደራሲው ጽሑፍ የነበረው ቅድመ ሁኔታ ደጋማው ክፍል ውስጥ ሲደርስ «በባሕር ወለል ላይ» የምትለዋ ሐረግ ወድቃ ባዶ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

እጩዋ ይህን ኮሌጅ ውስጥ ተምራዋለች፤ ተፈትናም አልፋበታለች። ምድጃው ፊት ስትቆም ግን ትዝ አላላትም። ይህ ከስንፍና የመጣ አይመስልም። የተማረችው ለጥያቄ መልስ እንዲሆናት እንጂ ዓይኗ ያየውን እንድትፈትሽበት አልነበረም፤ ተማሪዎቿንም ልታስተምር የነበረው በዚያው መንገድ ነው።

ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባ ነው። ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ጠቅልላ ወረደች። አንኮበር ላይ ከአንዲት ሻይ ቤት ባለቤት ፈቃድ ጠይቃ ጀበናው አጠገብ በተጣደው ውሃ ውስጥ ብትነክረው 92 አለ። አልዩ አምባ እናቷ ቤት ስትደርስ ከ94 አለፈ። እናቷ ልጃቸው በድስቱ ላይ አቀርቅራ ማየታቸው ገርሟቸው «እዚህማ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል፤ ደጋ ነው እንጂ እንጨት የሚፈጀው» አሉ። በቴርሞሜትሩ የተገኘውን እርሳቸው በእንጨት ሸክም ለክተውት ኖረዋል።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ሲመጣ፣ የአውሮጳ አሳሾች የማያውቁትን ተራራ ከፍታ ከሚገምቱባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን መለካት ነበር። ከ100 የጎደለችው እያንዳንዷ ዲግሪ ወደ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ታመለክታለች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከደብተራቸው የሰረዙት ቁጥር ያን ጊዜ ቢሆን ካርታ ላይ የሚሰፍር ነበር።

ሰኞ እጩዋ ክፍል ገብታ ከሁሉ በፊት ተሳስታ እንደነበር ተናገረች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ መምህር እንዲህ ሲል መስማት ያልለመዱ ልጆች ናቸው። ከዚያ ሦስቱን ቁጥሮች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፋ ምክንያቱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ተወቻቸው። እሳት፣ ድስት፣ የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ተነሡ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ፈትሸው ጣሉ። ከፍታውን ያነሣው ቆላ አያቱ ዘንድ የሚከርም፣ እስከዚያ ቀን እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ነበር። ቀጥለው 9ን በ300 አባዝተው 2,700 ሜትር አገኙ። የከተማቸውን ከፍታ በአንድ ድስት ውሃ፣ በመቶ ሜትር ገደማ ስሕተት ብቻ ለኩት ማለት ነው። የደወሉን ድምፅ ልብ ያለው አልነበረም።

ትምህርቱ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስለወሰደ ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀረች። አማካሪ መምህሯ በግል አድናቆታቸውን ቢገልጹላትም በቅጹ ላይ ከጊዜ አጠቃቀም ነጥብ ቀነሱባት፤ ቅጹ የሚጠይቀው እርሱን ነውና ሊወቀሱ አይገባም። «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከየዕቅዱ የማይታጣ ቢሆንም፣ ተማሪ ያልተጠበቀ ቁጥር ይዞ ሲመጣ መምህሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጠይቅ መስመር በዚያ ቅጽ ላይ አልነበረም።

ተማሪዎቹ ሊወጡ ሲሉ፣ ሳትሰርዝ የቀረችው ልጅ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ ከመጣ ስንት ብለን እንመልስ?»

እጩዋ ጥቂት አሰበች። «‹በባሕር ወለል ላይ› የሚል ካለበት 100» አለች።

«ከሌለበትስ?»

እጩዋ ወዲያው አልመለሰችም። ልጅቱም ደብተሯን በደረቷ አቅፋ መልሱን እየጠበቀች ቆመች።