እግር ከመሬት ሳይለቅ

ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ፓሪስ ላይ፣ ከኤፍል ማማ አጠገብ፣ ምስጋና ዋቁማ በ20 ኪሎ ሜትር የእርምጃ ውድድር ስድስተኛ ወጣ። በእሱና በአሸናፊው መካከል አንድ ደቂቃ እንኳ አልነበረም። የዚያ ኦሊምፒክ የአትሌቲክስ ውድድር የተከፈተው በዚሁ እርምጃ ነው፤ እኛ ግን ዐይናችንን ያሳረፍነው በማግስቱ ማታ በሚሮጠው 10 ሺህ ሜትር ላይ ነበር። ሯጫችን ስድስተኛ ሲወጣ ቡና ቤቱ ይታመሳል፤ አሰልጣኙ ይወቀሳል፤ የቡድን ሥራ ጠፋ ይባላል፤ የድሮዎቹ ሯጮች እነ ምሩጽ ይፍጠር ይነሣሉ። ለምስጋና ግን የተቆጣም የተደሰተም ሰው አላየሁም። ቢቆጡበት እንኳ ደስ ባለኝ ነበር። የሚቆጡት ብዙ በጠበቁበት ሰው ላይ ነውና።

ያን ቀን ያሸነፈው ኢኳዶራዊው ብሪያን ፒንታዶ ነው፤ የኩዌንካ ልጅ። ኩዌንካ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,560 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከተማችን ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ እዚያም እዚህም ሳሳ ያለ ነው፤ ሰውም ዳገት ለምዶ ያድጋል። ከፒንታዶ በፊት የዚያችው ከተማ ልጅ ጄፈርሰን ፔሬዝ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ በዚሁ ርቀት ወርቅ ወስዷል፤ ለኢኳዶር የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ሜዳልያ እሷ ነበረች። አገሩ ሲመለስ ፔሬዝ ከዋና ከተማው ከኪቶ ተነሥቶ እስከ ኩዌንካ 459 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄደ፤ ፈጣሪውን ለማመስገን። እንዲህ ያለውን ነገር ለጎረቤታችን ለጋይንት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለት ያለበት ሰው መኪና አጠገቡ ቢቆምለትም አይሳፈርም።

እንግዲህ በእግሩ የሚኖር አገር እርምጃን ለምን ይንቃል? መልሱን ስፈልግ የማገኘው ሣቅ ነው። የዳሌውን መዞር ያዩና ይስቃሉ። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ፓሪስ ላይ ሁለተኛ የወጣው ብራዚላዊው ካዮ ቦንፊም ልምምድ በጀመረበት ጊዜ መንገድ ላይ ይሰደብ እንደነበር ሜዳልያውን አጥልቆ ተናግሯል። እናቱም የእርምጃ ተወዳዳሪ ነበረች። ስድቡ ያስተማረው ነገር ቢኖር መስማት ያለበት እናቱን እንደ ሆነ ይመስለኛል።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወጣው አስፋልት ዳር አንዲት ልጅ ስትለማመድ ቆሜ አይቻለሁ። ብዙ ሰው የሚያየው ወገቧን ነው፤ እኔ እግሯን አየሁ። መጀመሪያ ተረከዟ ያርፋል፣ ጣቷ ወደ ላይ ቀና ብሎ። በዚያች ቅጽበት ጉልበቷ ቀጥ ብሏል፤ ሰውነቷ በላዩ አልፎ እስኪሄድ አይታጠፍም። ከዚያ ውስጥ እግሯ ከተረከዝ ወደ ጣት ይንከባለልና አውራ ጣቷ መሬቱን ገፍቶ ይለቀዋል። ሳይለቀው ግን የሌላኛው እግሯ ተረከዝ መሬት ይዟል። የሯጭ ኮቴ በመሃሉ ጸጥታ አለው፤ ሰውየው አየር ላይ ያለበት ጊዜ ነው። የእሷ ኮቴ ጸጥታ የለውም። ከኋላዋ ሕፃናት ወገባቸውን እያውረገረጉ ይከተሏታል፤ አንድ ባለ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋባት። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ግን ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆም ብለው አስተዋሏት። አልሳቁም። ሸክም ተሸክሞ ቁልቁለት የወረደ ሰው ትከሻ ሳይናወጥ መሄድ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እግር ከመሬት መልቀቁ በሰው ዐይን መታየት የለበትም። ሁለተኛ፣ የሚቀድመው እግር መሬት ከነካበት ጊዜ አንሥቶ ሰውነት ቀጥ ብሎ በላዩ እስኪቆም ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ዳኞች በመንገዱ ዳር ቆመው በባዶ ዐይናቸው ያያሉ፤ ካሜራ አይጠየቅም። የጠረጠሩትን በቢጫ ሰሌዳ ያስጠነቅቁታል፤ ጥፋቱን ባረጋገጡበት ላይ ቀይ ካርድ ይጽፉበታል። ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ቀይ የተጻፈበት በ20 ኪሎ ሜትር ውድድር ሁለት ደቂቃ ቅጣት ቦታ ይቆማል፤ አራተኛው ከመጣ ይወጣል። ተቺዎች ዘገምተኛ ካሜራ ሲያሳዩ የሁሉም እግር ለሽርፍራፊ ሰከንድ አየር ላይ ይታያልና ውድድሩ ውሸት ነው ይላሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው የምወደው። ሕጉ የሰው ዐይን ማየት የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ተወዳዳሪው በደቂቃ ወደ 200 ጊዜ ያህል ሕጉን የማፍረስ ዕድል አለው። ቢሮጥ ይቀለዋል፤ እግሩም መሮጥ ይፈልጋል። ጃፓናዊው ቶሺካዙ ያማኒሺ እ.ኤ.አ. በ2025 ኮቤ ላይ 20 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሲጨርስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው የሄደው። ጉልበቱን እንዳያጥፍ፣ እግሩን እንዳያነሣ እየተጠበቀ። ከአገራችን ጎረምሶች ስንቱ ሮጦ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል?

መሮጥ እየተቻለ ለምን ይሄዳል ለሚለኝ ሰው ሰጋር በቅሎን አሳየዋለሁ። በቤጌምድር ሰጋር በቅሎ ያለው ሰው ፈረስ ባለው አይቀናም ነበር። ፈረስ ይጋልባል፤ ሰጋሯ ግን አራት እግሯን በየተራ እያሳረፈች፣ መሬቱን ፈጽማ ሳትለቅ፣ ጀርባዋ ሳይነሣ ሳይወድቅ ትፈጥናለች። የተቀመጡት መነኩሴ ጥላቸውን እንደ ያዙ፣ ወይዘሮዋ ነጠላቸው ሳይዛባ አገር ያቋርጣሉ። ይህች በቅሎ ለምን አልጋለበችም ብሎ የተሣለቀባት የለም። ዋጋዋም የወጣው በዚያ ስግሪያዋ ነው። ለእንስሳ የሰጠነውን አድናቆት ለሰው እንነፍጋለን።

ስለ አካሄድ ካነሣሁ ግን ጋፋትን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። ጋፋት ከደብረ ታቦር በእግር የሚደረስባት ናት። የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለ እጆች፣ እነ ዋልድማየር፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው የሠሩት እዚያ ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ይህን መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። እኚህ ሰው የታወቁት በግስጋሴ ነበር። ጠላት እዚህ ናቸው ሲል እዚያ ይደርሱበታል፤ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር፤ ጋልበው የማይደርሱበት አልነበረም። በመጨረሻ ዘመናቸው ግን እርምጃቸውን በአንድ መድፍ ልክ ቀየዱ። ቀለል ያለ መንገደኛ በሳምንት ግድም የሚጨርሰውን መንገድ ወደ 6 ወር ገደማ ሄዱበት።

መንገድ የሚባል አልነበረም፤ ከመድፉ ፊት ፊት መሠራት ነበረበት። አለቱ ይፈለጣል፤ ዛፉ ይቆረጣል፤ ጎድጓዳው ይሞላል፤ ከዚያ ጠፍሩ ትከሻ ላይ ይውላል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፈረስ ወርደው ድንጋይ ያነሡ፣ ከወታደሩ ጋር ይቆፍሩ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው፤ ስለ መጎተቱ። እኔ የማስበው ቁልቁለቱን ነው። ከዋድላ ደጋ ወደ ዥጣ ሸለቆ፣ ከደላንታም ወደ በሽሎ ሲወረድ 7 ቶን መድፍ ጎታች አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ያዥ ነው። ከኋላ ጠፍሩን የያዙት ሰዎች ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ጉልበታቸውን አደንድነው፣ ወደ ፊት የሚስባቸውን ክብደት እምቢ እያሉ አንድ እርምጃ ብቻ ይለቁለታል። ቀጥሎ ሌላ አንድ እርምጃ። አንዱ ቢቸኩል ሁሉም ገደል ይገባሉ። መፍጠን ቀላሉ ነገር የሆነበት፣ አለመፍጠን ደግሞ ሙሉ ጉልበት የሚጨርስበት ቦታ ነው። የዛሬ የእርምጃ ተወዳዳሪ ሲለማመድ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ወታደሮች ይመጡብኛል።

ጉዞውን ለማሳመር አልፈልግም። ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የወጡት፤ እስረኛም ይነዱ ነበር። ያ ሠራዊት ያለፈበት የጋይንትና የዋድላ ገበሬ ጎተራው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። የከተማችን ሽማግሌዎች ስለ ቴዎድሮስ ሲያወሩ ድምፃቸው ውስጥ ኩራትና ቂም አብረው የሚሰሙት በዚህ ነው። መድፉም መጋቢት ላይ መቅደላ ደርሶ ይህ ነው የሚባል ሥራ አልሠራም፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር አምባውን ያዘ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው አምሳያው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። ሆኖም ስለዚያ ዘመን ሲተረክ መድፉ ስንት ሰው ገደለ ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። የሚጠየቀው እንዴት ሄደ ነው። አካሄድን ለብቻው፣ ከውጤቱ ነጥሎ የማክበር ችሎታ በደማችን እንዳለ የማምነው ለዚህ ነው።

አካሄድ ከውጤት ሲቀድም በውድድሩም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ 20 ኪሎ ሜትር ተራመዱ። ቻይናዊቷ ሊዩ ሆንግዩ እየመራች ሳለ ተሰናበተች። ቀጥሎ መሪነቱን የያዘችው ጣሊያናዊቷ ኤሊዛቤታ ፔሮኔም ተሰናበተች። ከዚያ የአስተናጋጇ አገር ልጅ ጄን ሳቪል ብቻዋን ወጥታ ወደ ስታዲየሙ መግቢያ ዋሻ ደረሰች። ውስጥ የሚጠብቃት ሕዝብ የእሷው ወገን ነው፤ ጩኸቱ ይሰማታል። ዋሻው አፍ ላይ ዋናው ዳኛ ቀዩን አሳያት። እጇን ራሷ ላይ ጭና አለቀሰች። ይህን ውድድር ሰው ሲያነሣ ለመሳለቅ ነው፤ ሦስት መሪ የሚባረርበት ምን ዓይነት ስፖርት ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ አንድ ዳኛ በባለቤቱ ሜዳ፣ በባለቤቱ ሕዝብ ፊት፣ ያየውን አላየሁም ሳይል የቀረበት ስፖርት እላለሁ። ሳቪልም ስፖርቱን አልተወችም፤ ከአራት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ነሐስ ወስዳለች።

አሳዛኙ ነገር ርቀቱ እየተቀያየረ መሄዱ ነው። የወንዶች 50 ኪሎ ሜትር ከ1932 ጀምሮ፣ ከ1976 በቀር፣ የኦሊምፒክ ረጅሙ የእግር ውድድር ነበር፤ ከቶኪዮ በኋላ ተሰረዘ። በዓለም ሻምፒዮና በ35 ኪሎ ሜትር ተተካ፤ ከ2026 ወዲህ ደግሞ ግማሽ ማራቶንና ማራቶን እንዲሆን ተወስኗል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ሽማግሌን ከወንበሩ እያስነሡ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እንደማዛወር አልቆጥረውም፤ ከዚያ ይከፋል። ግን ለእኛ በር ሊከፍት ይችላል። ማራቶንን ኢትዮጵያዊ በርቀቱ ያውቀዋል፤ ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለው መንገድ ራሱ ወደ 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ የገበያ መንገደኛ ሲመላለስበት የኖረ።

በእርግጥ የእርምጃ ውድድር ከከተማ ወደ ከተማ አይደረግም። ዳኛው ደጋግሞ እንዲያይ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር በሆነ ዙር ላይ ነው የሚካሄደው። ለዚያ የደብረ ታቦር ዋና አስፋልት ይበቃል። በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና እርምጃ አለ፤ ልጆቹም አሉ፤ ዳኛ ከየት ይመጣል የሚለኝ ሰው ካለ በገበያ ቀን ወደ ጋማ ከብት ተራው ይውረድ። እዚያ አንድ አዛውንት በቅሎ ሲገዙ አይቻለሁ። የሻጩን ልጅ አስቀምጠው ሦስት ጊዜ አመላለሱት። ከፊት አልቆሙም፤ ከጎን ሆነው፣ በዱላቸው ተደግፈው ዝቅ ብለው፣ ዐይናቸውን ከሰኮናዋ አልነቀሉም። ሻጩ ስለ ዘሯ፣ ስለ ዕድሜዋ ያወራል፤ እሳቸው አይሰሙትም። በሦስተኛው ቀና ብለው የኋላ ግራ እግሯን ቀድማ ታነሣለች አሉና ሄዱ። ሻጩ እየማለ ተከተላቸው፤ አልተመለሱም። እንዲህ ያለ ዐይን ላለው ሰው ሁለቱን ሕግ መንገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ቢጫውን ሰሌዳ እንዴት እንደሚይዝ ማሳየት ብቻ ይቀራል። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ አስፋልቱን ለሁለት ሰዓት ይዝጋልን።