ከቀለም በታች ያለ ነገር

የአንድ ልጅ አያት በጕልማስነታቸው ዘመን የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ይጠግኑት የነበረውም አውሮፕላን ሲ 47 የሚባለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ደክሞ፥ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ምንም አይለዩም ነበር።

ልጁም ለበዓል ስጦታ እንዲሆንላቸው የዚህኑ አውሮፕላን ምሳሌ ከፕላስቲክ ገጣጠመ። እውነተኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ነው፤ ምሳሌው ግን 72 ጊዜ ስለሚያንስ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር።

ታላቅ ወንድሙም በኤርብራሽ መቀባትን ያውቅ ነበርና እንዲህ ሲል አስተማረው፤ «አስቀድመህ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው፤ ቅባት ባለበት ላይ ቀለም አይዝም። የተጋጠመበትን ስንጥቅ በስቱኮ ሙላው፥ በብርጭቆ ወረቀትም አለስልሰው። ከዚያም ፕራይመር የሚባለውን ግራጫ ቅብ እንደ ወተት እስኪቀጥን በቲነር በጥብጠህ ንፋበት። ይህ ቅብ ሁለት ሥራ አለው፤ ቀለሙን ከፕላስቲኩ ጋር ያያይዛል፥ የተሰወረውንም ጕድለት ይገልጣል። በምትነፋበት ጊዜ መስኮት ክፈት፥ አፍህንና አፍንጫህን ሸፍን። እጅህም በአንድ ስፍራ አይቁም፤ ከቆመ ቀለሙ ይወርዳልና። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይልቅ ሦስት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይሻላል።»

ልጁም እንደ ተነገረው አደረገ። ግራጫው ቅብ በደረቀ ጊዜ ግን በአውሮፕላኑ ሆድ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየው። በዓሉም በማግሥቱ ነበረ። «ይህን ብሞላ እንደ ገና መፋቅና መቀባት ሊኖርብኝ ነው፤ አያቴም አያዩትም» ብሎ በልቡ አሰበ። ስለዚህ ስንጥቁን ትቶ የብር ቀለም ነፋበት። አውሮፕላኑም አበራ፤ ያየውም ሁሉ አደነቀው።

በበዓሉ ቀን ስጦታውን ለአያቱ ሰጣቸው። ሽማግሌውም ክንፉን፥ ሁለቱን ሞተሮች፥ ጅራቱንም በጣታቸው ዳሰሱ፤ ፊታቸውም በደስታ በራ። ጣታቸው ከሆዱ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ልጄ፥ እዚህ ላይ ስንጥቅ አለ። አላየኸውምን?» አሉት።

ልጁም «አላየሁም» ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን መዋሸት አልቻለም። «አይቼዋለሁ አባባ፤ እርስዎ የማያዩት መስሎኝ በቀለም ሸፈንሁት» ብሎ አለቀሰ።

ሽማግሌውም አልተቈጡም። «እኛ ስንሠራ ተሳፋሪው የማያየውን ስንጥቅ እንፈልግ ነበር፤ ነፍሱ በዚያ ላይ ነበረችና። እውነቱን ስለ ነገርኸኝ ደስ ብሎኛል። በል፥ አብረን እናስተካክለው» አሉት።

በማግሥቱም ልጁ ቀለሙን ፋቀ፥ ስንጥቁን ሞላ፥ ቅቡንም ከመጀመሪያው ጀመረ። አያቱም በጣታቸው እየዳሰሱ «ገና ነው» ይሉት ነበር። በመጨረሻም «አሁን ሆነ» አሉ።

ቀለም ጕድለትን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ሰው የማያየውን ሥራ አጥርቶ የሚሠራ፥ ሲሳሳትም እውነቱን የሚናገር ልጅ፥ እርሱ የታመነ ነው።